«ስሜ ካልተጠራ ምን ሠራሁ ይባላል?»

ጠያቂያችን ረዘም ያለ ደብዳቤ ነው የላኩልን። አሳጥረን ዋና ዋናውን እናቅርበው።

«ዕድሜዬ 61 ነው። ጡረታ ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት አገልግያለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሜትረን፣ ማለትም የነርሶች ኃላፊ፣ ሆኜ ነው የሠራሁት። ዋርድ ውስጥ ‹ሲስተር› ተብሎ ሲጠራ ስንቱ ዞር ቢልም የምትፈለገው እኔ እንደሆንኩ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ስልኬ ቀኑን ሙሉ አይጮህም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ሰውነቴ ሥራ ያለ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ምን እንደማደርገው ግራ ይገባኛል።

ሥራ ፈትቼ መቀመጥ ስለማልችል አዛውንቶችን የሚረዳ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ደም ግፊት የምንለካበትን ፕሮግራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የማጠቃለያው ዕለት ምስጋና ሲነበብ የሁሉም ስም ተጠራ፤ የእኔ ተዘለለ። ረስተነው ነው አሉ። በማግስቱ ለቀቅኩ። የአዛውንቶቹ መዝገብ አሁንም እኔ ጋ ነው፤ መጥቶ የጠየቀኝ የለም።

ቤትም ሰላም የለኝም። ልጄና ሚስቱ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። የ5 ወር ሕፃን አላቸው። ምራቴ ስታጥበው አያያዟ አላማረኝም፤ ከእጇ ተቀብዬ እኔ አጠብኩት። ምንም አልተናገረችም። ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ የምታጥበው እኔ ከቤት ስወጣ ጠብቃ ነው።

ልጄ ስለ ታኦይዝም የተጻፈ ትንሽ መጽሐፍ አምጥቶ ‹እማዬ፣ ይሄ ያሳርፍሻል› አለኝ። አነበብኩት፤ ጭራሽ አናደደኝ። ምንም አታድርግ፣ ዝቅ በል፣ ባዶ ሁን ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ለማዳን ስሮጥ የኖርኩ ሴት አሁን ባዶ ሁኚ ልባል ነው? ስለ ምግባርም ያወራል። ሥራ የሌለው ምግባር ደግሞ ምን ዓይነት ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ያሠለጠንኳት ልጅ ዛሬ የሕፃናት ዋርድ ኃላፊ ሆናለች። ‹ሲስተር፣ አዲሶቹ ልጆች የሕፃን ደም ሥር ማግኘት እየከበዳቸው ነው፤ መጥተው ቢያሳዩልን› ብላ ደወለችልኝ። ‹ሆስፒታሉ በደብዳቤ ይጥራኝ፤ አሠልጣኝ ተብዬ ስሜ ይጻፍ› አልኳት። ‹እሺ፣ እጠይቃለሁ› አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልደወለችም። አጥፍቻለሁ? እውነቱን ንገሩኝ።»

መልስ

ውድ እናታችን፣

እውነቱን ንገሩኝ ስላሉ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ስሜ ይጻፍ ማለትዎ ነውር የለውም። ሰው በለፋበት ነገር ስሙ ቢነሣለት ደስ ይለዋል። ኮሚቴውም አጥፍቷል። ፕሮግራሙን ያዘጋጀችውን ሰው ዘልሎ «ረስተነው ነው» ማለት ያሳዝናል። ቅር ማለትዎ ልክ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በሁለቱም ቦታ ስምዎ ሲቀር ሥራውም አብሮ ቀረ። ደም ግፊታቸውን ሊለኩ ይመጡ የነበሩት አዛውንቶች ስምዎን አልዘለሉም። ደም ሥራቸው አልገኝ ብሎ ደጋግመው የሚወጉት ሕፃናትም ስለ ደብዳቤው የሚያውቁት ነገር የለም። የተጎዱት ግን እነሱ ናቸው። መዝገቡን በዚህ ሳምንት ይመልሱላቸው። ይቅርታ እስኪጠይቁዎት አይጠብቁ። የማን ግፊት ከፍ ብሎ እንደነበር፣ ማን ክትትል እንደሚያስፈልገው የሚያሳየው እሱ ነው፤ እርስዎ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ወደ ኮሚቴው መመለስ አለመመለስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ቀስ ብለው ያስቡበት።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ልጅዎ ያመጣልዎትን አላየሁትም፤ ሐሳቡ የተቀዳበትን ምንጭ ግን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። በቅድሚያ አንድ ነገር ላጥራ። ታኦይዝም በቻይና ካህናትና ቤተ መቅደስ ያለው ሃይማኖትም ነው። እኔ የማወራው ከዚያ ቀድመው ስለተጻፉት የአስተሳሰብ መጻሕፍት ነው። እምነትዎን የሚነካ ነገር ውስጥ ግቡ አልልዎትም።

ዋናው መጽሐፍ «ዳኦ ዴ ጂንግ» ይባላል። 81 አጫጭር ምዕራፎች አሉት፤ በቻይንኛ ሲቆጠር 5 ሺህ ገደማ ፊደል ነው። የመጀመሪያዎቹ 37 ምዕራፎች በአብዛኛው ስለ ዳኦ (ታኦ የሚሉትም አሉ)፣ ማለትም ሁሉ ነገር ስለሚሄድበት መንገድ ያወራሉ። ከ38ኛው ጀምሮ ያለው ክፍል ደግሞ ዴ ስለሚሉት ስለ ምግባር ነው። በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቻይና ውስጥ ማዋንግዱዪ በተባለ ቦታ አንድ ጥንታዊ መቃብር ሲቆፈር መጽሐፉ ሐር ላይ ተጽፎ ተገኘ። መቃብሩ የተዘጋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ነው። በእነዚያ ቅጂዎች ውስጥ ክፍሎቹ ተገላብጠው ነው የተቀመጡት፤ የምግባሩ ይቀድማል። ስለዚህ ያኔ መጽሐፉን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ዛሬ 38ኛ የምንለውን ምዕራፍ ነበር። እርስዎም ከዚያ ቢጀምሩ ኖሮ ባልተናደዱ ይመስለኛል።

ምዕራፉ ሲጀምር የላቀ ምግባር ያለው ሰው ምግባሩን አያስበውም፤ ስለዚህ ምግባር አለው ይላል። ያነሰው ደግሞ ምግባሩን ጨብጦ አልለቅም ይላል፤ ስለዚህ የለውም። መጀመሪያ ሲሰሙት እንቆቅልሽ ይመስላል። እርስዎ ግን በሥራዎ ውስጥ ኖረውታል።

መንቀሳቀስ የማይችል በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። መቀመጫው ላይ፣ ዳሌው ላይ፣ ተረከዙ ላይ። ሌሊት 8 ሰዓት ነው እንበል። ዋርዱ ጸጥ ብሏል። በሽተኛውን በጎኑ ያስተኙታል፤ ጀርባውን በትራስ ይደግፋሉ። ከሥሩ የተጨማደደውን አንሶላ ጎትተው ያስተካክላሉ። ተረከዙን ከፍራሹ ከፍ ያደርጋሉ። ቆዳው ቀልቶ እንደሆነ ያያሉ። ወደ ቀጣዩ አልጋ ይሄዳሉ። በሽተኛው ከወር በኋላ ድኖ ሲወጣ ሐኪሙን አመስግኖ ይሄዳል። ጀርባው ላይ ቁስል አለመውጣቱን ልብ አይልም። ያልወጣ ቁስል አይታይም። ላልወጣ ቁስል ማንም ስም አይጠራም፣ ማንም የምስክር ወረቀት አይሰጥም።

እስቲ ያስቡት፤ በ30 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት ነገር ሠርተዋል? ደመወዙና ማዕረጉ በወረቀት ላይ ነበሩ። ምግባሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚህ ነበር፤ ማንም በማያየው፣ እርስዎም ራስዎ በማግስቱ በማያስታውሱት ነገር ውስጥ። ያን ጊዜ ‹ይህን በማድረጌ ጥሩ ነርስ ነኝ› እያሉ አልነበረም የሚያገላብጡት። ሰውየው መገላበጥ ስላለበት ነው። ምዕራፉ የላቀ ምግባር የሚለው ይህንን ነው። ጡረታ የወሰደብዎት ወንበሩን፣ ስልኩንና «ሲስተር» ሲባል ሁሉም ወደ እርስዎ መዞሩን ነው። ማገላበጡን የሚያውቀውን ሰው አልወሰደውም።

በዚያው መጽሐፍ 17ኛው ምዕራፍ ስለ መሪዎች ይናገራል። ከሁሉ የሚሻለው መሪ ሰዎች መኖሩን ብቻ የሚያውቁት ነው ይላል፤ ሥራው ሲያልቅ ሰዎቹ «እኛው ራሳችን ሠራነው» ይላሉ። እርስዎ በመሩት ዋርድ ውስጥ ሁሉ ነገር በራሱ የሚሄድ የሚመስልበት ተረኝነት ነበር አይደል? መድኃኒቱ በሰዓቱ የተሰጠበት፣ ማንም ያልጮኸበት፣ ርክክቡ ላይ የሚወራ ያልተገኘበት። የእርስዎ ምርጥ ሥራ የዚያ ዓይነቱ ሌሊት ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያስታውሰው ግን የለም።

ስለ ምራትዎ ልናገር፤ እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር እላለሁ። ያው 38ኛው ምዕራፍ ዝቅ ብሎ ስለ ሌላ ዓይነት ሰው ይናገራል። ሥርዓት አዋቂ ነኝ ስለሚል ሰው። ይህ ሰው አንድ ነገር ያደርጋል፤ ሌሎች እሱ እንደፈለገው ሳይሆኑለት ሲቀሩ እጅጌውን ሰብስቦ በጉልበት ይጎትታቸዋል። ይህን ሳነብ ሕፃኑን ከእናቱ እጅ የተቀበሉበት ቅጽበት ታወሰኝ። ልክ ነበሩ ይሆናል። የሕፃን ራስና አንገት እንዴት እንደሚያዝ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል? ነገር ግን ልክ መሆንዎ ሕፃኑን አልጠቀመውም። እናቱ አሁንም በዚያው አያያዝ ነው የምታጥበው፤ የተለወጠው ነገር እርስዎ አለማየትዎ ብቻ ነው። እናትየው የምትጠይቀውን ሰው አጣች፤ እርስዎም የልጅ ልጅዎን ገላ መታጠብ።

መጽሐፉ በ51ኛው ምዕራፍ ጥልቅ ምግባር የሚለውን ሲገልጽ ሦስት ነገር ያስቀምጣል። ወልዶ የእኔ ነው አለማለት፤ ሠርቶ አለመመካት፤ አሳድጎ አለመግዛት። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ለአያት የተጻፉ ይመስላሉ። ልጅዎን አሳድገዋል፤ አሁን የሱ ልጅ በሱና በሚስቱ ሥርዓት ይደግ። ዝም ብለው ይዩ ማለቴ አይደለም። አደጋ ካዩ፣ ውሃው በጣም ሞቆ ከሆነ፣ ሕፃኑ ከእጇ እየሾለከ ከሆነ፣ ያን ጊዜ መግባት ግዴታዎ ነው። ከዚያ በመለስ ላለው ግን ሌላ መንገድ ይሞክሩ። «ያን ቀን ከእጅሽ መንጠቄ ልክ አልነበረም» ይበሏት። አስረዝመው አያብራሩት። ከዚያ «ፎጣውን እኔ ልያዝልሽ?» ይበሏት። እሺ ካለች ፎጣውን ይዘው ይቁሙ። ከፎጣው ውጭ ምንም አይንኩ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅዎ እንደሚያሳክክዎት አውቃለሁ። ከጠየቀችዎት ይንገሯት፤ ያውም የጠየቀችውን ብቻ።

መጽሐፉ «ምንም አታድርግ» ይላል ብለው የተቆጡበት ነገርም ይኸው ነው። ቻይናዎቹ ዉ ዌይ ይሉታል። እጅና እግርን አጣጥፎ መቀመጥ የሚል ሰው ካለ መጽሐፉን በደንብ አላነበበውም። ነገሩ ራሱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማየት፣ ሳይገፉና ሳይጎትቱ መሥራት ነው። ፎጣ ይዞ መቆም ከባድ ሥራ ነው። ሕፃን ከመቀበል ይከብዳል።

ስለ ሌሊቱ 11 ሰዓት ብዙ አልልም። ሰውነት ለብዙ ዓመት የለመደውን ተረኝነት ቶሎ አይረሳም። መጽሐፉ ባዶ ሁን ሲል የጎማውን ምሳሌ ይሰጣል፤ 30 የእንጨት ዘንጎች መሐል ላይ ይገናኛሉ፣ ጋሪው የሚሄደው ግን መሐሉ ክፍት ስለሆነ ነው። የክፍሉም ጥቅም ያለው በውስጡ ባለው ባዶ ቦታ ነው። ያችን ሰዓት በሌላ ኮሚቴ ለመሙላት አይቸኩሉ። ለተወሰነ ጊዜ ክፍት ይተዉአት። ስልክ ሳይከፍቱ ይቀመጡ ወይም ወጣ ብለው ይራመዱ። እጅዎ በራሱ ወደ ምን እንደሚሄድ ይዩ። ግን እንደ ባለሙያ ራስዎን ይመርምሩ። በጠዋት መንቃቱ ከምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ከማልቀስ፣ ከምንም ነገር ደስታ ካለማግኘት ጋር ሆኖ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ጋ ይሂዱ። እሱ የመጽሐፍ ጉዳይ አይደለም። በሽተኛዎ ቢሆን ኖሮ እርስዎም ይህንኑ ነበር የሚሉት።

ሰዎች ለጡረተኛ ሲመክሩ ከታኦይስቶቹ የሚጠቅሱት አንድ የታወቀ ተረት አለ። ጁዋንግዚ በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው። አናጢው ሺ ከደቀ መዝሙሩ ጋር ሲሄድ አንድ ግዙፍ ዛፍ ያያል። ደቀ መዝሙሩ ይደነቃል። አናጢው ግን ዞሮም አያይ። «እርባና የለውም» ይላል፤ «ጀልባ ቢሠሩበት ይሰምጣል፤ የሬሳ ሣጥን ቢሠሩበት ቶሎ ይበሰብሳል።» ሌሊት ዛፉ በሕልሙ ይመጣበታል። እጠቅም ቢሆን ኖሮ እዚህ ዕድሜ እደርስ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ከዚህ ተነሥተው «አሁን የማይጠቅሙ ይሁኑ፣ ይረፉ» የሚሉዎት ይኖራሉ። እኔ ለእርስዎ አልመክረውም። መጥቀም ይወዳሉ፤ ይህ ደግሞ መልካም ነገር ነው። ከተረቱ የምወስደው አናጢው ዛፉን በሙያው ዓይን ብቻ መለካቱን ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ከብቶች የሚጠለሉበትን ጥላ አላየም። እርስዎም ጡረታ ከወጡ ወዲህ ራስዎን የሚያዩት በሜትረኗ ዓይን ብቻ ነው። ሜትረኗ ደግሞ ሥራ የሌለውን ሰው ስታይ ዞር ብላ አታይም።

ዳኦ ዴ ጂንግን የጻፈው ሰው ራሱ ጡረታ የወጣ ሰው ነው ቢባል ብዙም ስህተት አይሆንም። ላኦዚ ይባላል። የታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን እንደሚነግረን ጆው በሚባሉት የጥንት ቻይና ነገሥታት ቤተ መንግሥት የመዛግብት ጠባቂ ነበር። መንግሥቱ ሲዳከም አይቶ ሥራውን ትቶ ወደ ምዕራብ ሄደ። ከአገር የሚወጣበት በር ላይ ሲደርስ ጠባቂው ዪን ሺ «ሊሰወሩ ነውና እባክዎ መጽሐፍ ይጻፉልኝ» ብሎ ለመነው። ላኦዚም ሁለት ክፍል ያለው መጽሐፍ ጻፈለትና ሄደ። የት እንደደረሰ አልታወቀም። እንዲህ ያለ አንድ ሰው በእርግጥ ኖሮ እንደሆነ የሚጠራጠሩ የታሪክ አጥኚዎች ብዙ ናቸው። እኔ ታሪኩን የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ሰውየው በሥራ ላይ ሳለ የጻፈው መጽሐፍ አልተነገረለትም። የተነገረለት ሥራውን ለቅቆ ሲወጣ፣ አንድ የበር ጠባቂ ስለጠየቀው ብቻ የጻፈው ነው።

እዚህ ላይ ለእርስዎ በጣም አስፈላጊ የምለውን ልናገር። በ67ኛው ምዕራፍ መጽሐፉ ሦስት ሀብት አለኝ ይላል። የመጀመሪያው ርኅራኄ ነው። ሁለተኛው ቁጥብነት ነው። ሦስተኛው በዓለም ፊት ለመቅደም አለመድፈር። የመጀመሪያውን ሙያዎ ሞልቶ ሰጥቶዎታል። ሦስተኛውን ግን ሙያዎ ራሱ ከልክሎዎታል። የልብ ምቱ የቆመ በሽተኛ ፊት ቆሞ «እናንተ ቅደሙ» አይባልም። አንድ ሰው መጮህ አለበት፣ አንድ ሰው ማዘዝ አለበት፤ ያ ሰው እርስዎ ነበሩ። ስለዚህ ይህን ሀብት ለመልመድ ጊዜ አላገኙም። አሁን ግን ማንም እንዲያዙት የማይጠብቅዎት የመጀመሪያው ዘመንዎ ነው። ርኅራኄው እንዳለ ነው፤ የሚቀረው ያንኑ ርኅራኄ ከኋላ ሆኖ መስጠት ነው። ጡረታ ምን ትርጉም አለው ብለው ከጠየቁኝ ለእርስዎ የምሰጥዎት መልስ ይህ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሊማሩት ያልቻሉትን ግማሽ የሚማሩበት ጊዜ ነው።

ወደዚያች ወጣት የዋርድ ኃላፊ ልምጣ።

ጁዋንግዚ ውስጥ ቢየን ስለሚባል የጋሪ ጎማ ሠሪ የሚነገር ታሪክ አለ። መስፍን ኋን አዳራሹ ውስጥ መጽሐፍ ያነባል፤ ቢየን ከታች ጎማ ይጠርባል። ቢየን መሮውን አስቀምጦ ወደ ላይ ይወጣና «የሚያነቡት የማንን ቃል ነው?» ይላል። መስፍኑ «የጠቢባንን» ይለዋል። «በሕይወት አሉ?» «ሞተዋል።» «እንግዲያው የሚያነቡት አተላቸውን ነው።» መስፍኑ ተቆጥቶ «ይህን ያልክበትን ምክንያት ካላስረዳህ ትሞታለህ» ይለዋል። ቢየን ስለ ራሱ ሥራ ነገረው። ስጠርብ ቀስ ካልኩ መሮው ይንሸራተታል፤ ከፈጠንኩ ይነክስና አልገባ ይላል። ልኩ እጄ ላይ ነው፤ ልቤ ያውቀዋል፤ አፌ አይናገረውም። ለልጄ ማስተማር አልቻልኩም፤ ልጄም ከእኔ መማር አልቻለም፤ ስለዚህ ይኸው 70 ዓመት ሆኖኝ ጎማ እጠርባለሁ።

የሕፃን ደም ሥርም እንደዚሁ ነው። ውሃ ያለቀበት ሕፃን ክንድ ላይ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። አዲሷ ነርስ የክንድ ማሰሪያውን ቱርኒኬት ታስራለች፣ መብራቱን ታስጠጋለች፣ ዓይኗን ታፈጥጣለች፤ ከዚያ በግምት ትወጋለች። እርስዎ ግን ዓይንዎን አያምኑም። እጁን በሞቀ ጨርቅ ይጠቀልሉና ይጠብቃሉ። ከዚያ የጠቋሚ ጣትዎን ጫፍ ቀስ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ ሲጫኑት ወደ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ የሚነሣ ነገር ይፈልጋሉ። የሚመታ ከሆነ ይተዉታል፤ እሱ ከልብ ደም የሚያመጣው አርተሪ ነው። ጅማት ከሆነ ይጠነክራል፣ አይነሣም። ይህን በወረቀት ጽፈው ቢሰጧቸው ልጆቹ ያነቡታል፤ ጣታቸው ግን አያውቀውም።

ቢየን ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ለልጄ ማስተማር አልቻልኩም ያለውን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። አፍ ባይናገረውም እጅ ከእጅ አጠገብ ሲቆይ የሚተላለፍ ነገር አለ። እርስዎ ራስዎ የተማሩት ከማን ነበር? ያስቡት። ጣትዎን ይዛ የተነሣው ቦታ ላይ ያስቀመጠች አንዲት አሮጌ ነርስ ትኖራለች። ስሟ በየትኛውም የሥልጠና ደብዳቤ ላይ አለ? ቢየንን ሳነብ የሚያስፈራኝ ነገርም አለ። «ከእኔ በቀር የሚችል የለም» ማለት ደስ ይላል። እስከ ሰባ ዓመት ዕድሜ ድረስ ሊያስደስት ይችላል። ልጁ ግን ሳይማር ይቀራል።

ስለዚህ ዛሬ ይደውሉላት፤ እሷ እስክትደውል አይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ያልደወለችው ደብዳቤውን መጠየቅ አፍሯት ሊሆን ይችላል። «ደብዳቤውን ተዪው፤ የሚመችሽን ቀን ንገሪኝ» ይበሏት። ከመሄድዎ በፊት ግን ከአለቆቿ የቃል ፈቃድ ታግኝ። ይህኛው ለስምዎ አይደለም፤ በዋርዱ ውስጥ ላሉት በሽተኞች ደኅንነትና ለእሷ ኃላፊነት ነው። እርስዎ አሁን የዚያ ሆስፒታል ሠራተኛ አይደሉም፤ ስለዚህ ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ካኑላ አይያዙ። ሕፃኑ ሲያለቅስና ልጅቱ ስትሳሳት «አምጪው» ማለት ያሰኝዎታል፤ አይበሉ። ከጎኗ ይቁሙ። የሷን ጣት ይያዙና የሚነሣውን ቦታ ያስነኳት። ከዚያ እጅዎን ይልቀቁ። ስታገኘው በዋርዱ ውስጥ የሚባለው «እሷ አገኘችው» ነው፤ እንዲህ እንዲባል ይተዉት።

ስለ ስምዎም ልጨምር። ምስጋና ሲመጣ አይግፉት። ቢጽፉልዎት በደስታ ይቀበሉ። የጠየቅኩዎት ቀድመው እንዳይጠይቁትና ሥራው በእሱ ላይ እንዳይንጠለጠል ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ በምንም ምክንያት እምቢ ካለ ነገሩ አያበቃም። ወጣቷን ከሁለት ሦስት አዲስ ነርሶች ጋር ቤትዎ ይጥሯቸው። ደም ሥር በጣት መፈለግ ያለ መርፌ መለማመድ ይቻላል። ዓይናቸውን ጨፍነው አንዷ የሌላዋን ክንድ ትዳብስ፤ ደም ሥርን፣ አርተሪንና ጅማትን ለይተው እስኪነግሩዎት ድረስ ይደጋግሙት። መርፌ መውጋቱን ሆስፒታላቸው ውስጥ በማሠልጠኛው የፕላስቲክ ክንድ ይጨርሱታል። ምራትዎ ቤት ካለች እሷም መጥታ ብትቀመጥ አይከልክሏት፤ ለሕፃኑ ብላ ልትጠይቅዎት የምትፈልገው ነገር ይኖራል።